ፔፕታይዱ ባክቴሪያን ከእኛ ሴል በምን ይለያል?

ፀረ ተህዋሲያን ፔፕታይድ ሲባል ብዙ ሰው የአንቲባዮቲክ ክኒን ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ለምሳሌ ኤልኤል-37 የሚባል አለን፤ 37ቱ የአሚኖ አሲዶቹ፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶቹ፣ ቁጥር ነው።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፦ ፔፕታይዱ የባክቴሪያውን ሽፋን ሲበሳ የእኛን ሴል ለምን ይተወዋል? መልሱ ያለው ሽፋኑ ላይ ነው። የባክቴሪያ ሽፋን ውጪው ኔጋቲቭ ቻርጅ ይበዛበታል። ፔፕታይዱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ ይሳሳባሉ። የእኛ ሴል ውጫዊ ገጽ በአብዛኛው ገለልተኛ ነው። ኮሌስትሮልም ሽፋኑን ያጠነክረዋል፤ ሁሌ ስሙ በክፉ የሚነሳው ኮሌስትሮል እዚህ ባለውለታችን ነው።

እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ፔፕታይዱ መጀመሪያ ሽፋኑ ላይ ጋደም ይላል። አንዱ ጎኑ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ቅባት። ቅባት ወዳዱ ጎን ወደ ሽፋኑ ሰመጥ ይላል። ፔፕታይዶቹ ጥቂት ሲሆኑ ብዙም ጉዳት የለም። ሲበዙ ግን ሽፋኑ ይሳሳል፣ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ወደ ውጭ ያፈተልካል።

ሁሉም ግን እንዲህ መራጭ አይደለም። የንብ መርዝ ውስጥ ያለው ሜሊቲን የሚባል ፔፕታይድ ቀይ የደም ሴላችንንም ያፈርሳል።