ዲሊ ኖክስ፦ ከግሪክ ፓፒረስ ወደ ኢኒግማ — የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የተሳሳተ አመለካከት፦ የጦርነት ኮድ መፍታት የሒሳብ ሊቃውንት ሥራ ብቻ ነበር።

እውነታው፦ ከብሪታንያ ታላላቅ ኮድ ፈቺዎች አንዱ የሆነው ዲሊ ኖክስ (እ.ኤ.አ. 1884–1943) በካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ የጥንታዊ ግሪክ ሥነ ጽሑፍ ምሁር ነበር። በወቅቱ በብሪቲሽ ሙዚየም የነበረውን የግሪካዊውን ባለቅኔ የሄሮዳስን የተቦጫጨቀ ፓፒረስ ሲያጠና፣ በጎደለው ቦታ የትኛው ቃል እንደሚገባ የሚወስነው ከክፍተቱ ስፋት፣ ከተረፈው የፊደል ርዝራዥ እና ከስንኙ ምጣኔ ተነሥቶ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ ባሕር ኃይል የኮድ መፍቻ ቡድን በ«ክፍል 40» ሲሠራም፣ እንደሚተረከው፣ በአንድ የጀርመን መልእክት ውስጥ የግጥም ምት አስተውሎ የጀርመናዊውን ባለቅኔ የሺለርን ስንኝ ለይቷል። በእኔ እምነት የፊሎሎጂ (የጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) ሥልጠናው ለሥራው ዋና መሣሪያ እንጂ ጌጥ አልነበረም፤ ግምትን በማስረጃ መገደብ የሁለቱም ሙያዎች መሠረት ነውና።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የምስጢር መልእክት መጻፊያ መሣሪያ የሆነውን ኢኒግማን መጀመሪያ የፈቱት እንግሊዞች ናቸው።

እውነታው፦ ቀዳሚው ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ማሪያን ሬየቭስኪ ሲሆን፣ የጀርመን ጦር መሣሪያን የውስጥ ሽቦ አሠራር በ1932 መጨረሻ ደርሶበታል። ኖክስ በሐምሌ 1939 በዋርሶ አቅራቢያ ከፖላንዶቹ ጋር ሲገናኝ አጥብቆ የጠየቀው የፊደል ቁልፎቹ ከመግቢያው ጎማ (የፊደሉ ምልክት ወደ መሣሪያው ውስጥ ከሚገባበት ክፍል) ጋር በምን ቅደም ተከተል እንደተያያዙ ነበር። መልሱ የተለመደው የፊደላት ቅደም ተከተል (ኤ፣ ቢ፣ ሲ…) ሆኖ ተገኘ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ኢኒግማ አንድ መሣሪያ ስለነበረ አንዴ ከተፈታ ሁሉም መልእክት ይነበብ ነበር።

እውነታው፦ ዓይነቱ ብዙ ነበር። ኖክስ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ያገለገለውን ዓይነት በ1937፣ የጀርመን የስለላ ድርጅት የአብቬርን ደግሞ በ1941 መጨረሻ ፈትቷል። የአብቬር መልእክቶች መነበባቸው እንግሊዞች ለጀርመን የሚሠሩ መስለው ለእንግሊዝ በሚሠሩ ሰላዮቻቸው በኩል የሚልኩት የሐሰት መረጃ መታመኑን እንዲያረጋግጡ ረድቷቸዋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በብሪታንያ የኮድ መፍቻ ማዕከል በብሌችሊ ፓርክ የነበሩት ሴቶች ጸሐፊዎች ብቻ ነበሩ።

እውነታው፦ ኖክስ ማርጋሬት ሮክን እና የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ተማሪ የነበረችውን ማቪስ ሌቨርን በኮድ ፈቺነት አሠርቷቸዋል። ኢኒግማ የትኛውንም ፊደል በራሱ አይተካም። ስለዚህ ሌቨር «ኤል» የሚባለው ፊደል ፈጽሞ የሌለበት የጣልያን መልእክት ስታይ፣ ላኪው ለማሳሳቻ ያንኑ ፊደል ደጋግሞ መጫኑን ተረዳች፤ ይህም የመሣሪያውን ሽቦ ለማወቅ በር ከፈተ። በመጋቢት 1941 ቡድኑ ያነበባቸው የጣልያን ባሕር ኃይል መልእክቶች የብሪታንያን የሜዲትራኒያን መርከቦች አዛዥ አድሚራል ካኒንግሃምን አስቀድመው አስጠነቀቁት፤ በግሪክ ደቡባዊ ጠረፍ አጠገብ በተደረገው የማታፓን የባሕር ውጊያም ሦስት ከባድ የጣልያን መርከቦችና ሁለት አጥፊ መርከቦች ሰጠሙ።