«ዩራኒየም በጋዝ ብቻ ይወጣል»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሞኑን ደሴ ሻይ ቤት የገባ ሰው ወሬው ሁሉ ድንጋይ ነው። የደላንታ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ስንቱን ስላበላ «ቀጣዩ ዩራኒየም ነው» የሚል አልጠፋም። አንዱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ፣ ሱፐርክሪቲካል በሚባል ሁኔታ ላይ ባለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዩራኒየም ከድንጋይ ይወጣል፣ «በጋዝ ብቻ፣ ያለ አሲድ» የሚል ቪዲዮ ያሳያል። አብሽሩ፣ አንድ በአንድ እንየው።

«ከባድ ጥቁር ድንጋይ ዩራኒየም ነው።» አይደለም። የወሎ ደጋ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ ፈሶ የረጋ ባዛልት የሚባል ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባዛልት ደግሞ ብዙ ጊዜ በቶን አንድ ግራም ዩራኒየም እንኳ አይሞላም።

«ሱፐርክሪቲካል ማለት እሳት የሆነ ሙቀት ነው።» ካርቦን ዳይኦክሳይድ 31 ዲግሪ ይበቃዋል። ባቲ ሰኞ ገበያ የዋለ ሰው ይህን ሙቀት ያውቀዋል። አስቸጋሪው ግፊቱ ነው፦ 74 ባር ገደማ፣ የመኪና ጎማ ግን 2 ባር አካባቢ ነው። እዚያ ሲደርስ እንደ ጋዝ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ይሰርጋል፣ እንደ ፈሳሽ ያሟሟል።

«ጋዙ ራሱ ዩራኒየሙን ያሟሟዋል።» ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ይኸው ጋዝ ካፌይንን ከጥሬ ቡና ለማውጣት ይሠራበታል (ካፌይን የሌለው ቡና ለወሎዬ ማቅረብ ድፍረት ነው፣ ይሁን)። ዩራኒየም ግን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ባለው ቅንጣት (አዮን) መልክ ስለሚገኝ ለጋዙ እሺ አይልም። ስለዚህ ትራይቡቲል ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ከናይትሪክ አሲድ ጋር ተዋህዶ አብሮ ይገባል። አሲዱ የዩራኒየሙን ኦክሳይድ ወደሚሟሟ መልክ ይቀይረዋል፣ ፎስፌቱ ያቅፈዋል፣ ጋዙ ሁለቱንም ይዞ ይወጣል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ጋዙ ይበናል፣ ዩራኒየሙ ከነአቃፊው ይቀራል። በአሜሪካ አይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቺየን ዋይ ለዓመታት የሠሩት በዚህ ዘዴ ላይ ነው። እናም «ያለ አሲድ» የሚለው ቪዲዮ ነጭ ውሸት ነው።

«ቆሻሻ የለውም።» ፈሳሽ ቆሻሻው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ዩራኒየሙ ቢወጣም አብሮት የነበረው ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተረፈ ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፣ ከእሱም ራዶን የሚባል ጨረር ያለው ጋዝ ይወጣል። ያንን ክምር ከወንዝና ከቤት አርቆ መጠበቅ የትም ቢሆን ግዴታ ነው።

«ከወጣ ቦምብ ነው።» ከተፈጥሮ ዩራኒየም ለቦምብ የሚፈለገው ዩ-235 የሚባለው ዓይነት 0.7 በመቶ ብቻ ነው፣ ያንን ድርሻ ማሳደግ (ማበልጸግ) ሌላ ሥራ ነው።

«ዓለም አሁን የሚያወጣው በዚህ ነው።» የለም። ትልቋ አምራች ካዛኪስታን አሲድ የተቀላቀለበት ውሃ ከመሬት በታች ወዳለው ማዕድን ሰዳ፣ ዩራኒየሙን አሟሙታ በፓምፕ ትስባለች። በጋዙ መንገድ ግን ድንጋዩ ተቆፍሮ፣ ተፈጭቶ፣ ያን ሁሉ ግፊት በሚችል ወፍራም የብረት ታንክ ውስጥ መግባት አለበት። በቶን አንድ ግራም እንኳ ለማትሞላ ድንጋይ ይህን ወጪ ማን ይከፍላል?