«ለክቡር ፕሬዚዳንቱ»፦ ስለ መንግሥታችን አወቃቀር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተራ እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ ነጠላ ያጣፉ እናት ማመልከቻ እያስጻፉ ነው። ልጅቷ ጽፋ ጨረሰች፣ አተመች፣ ሰጠቻቸው። እሳቸው መነጽር አልያዙም። «እስቲ አንብብልኝ ልጄ» ብለው ለእኔ ዘረጉልኝ።

ከላይ «ለክቡር የኢፌዴሪ ፕሬዚዳንት» ይላል። ጉዳዩ የቤት ካርታ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቢሮ ሲመላለሱ ኖረዋል።

«እማማ፣ ለምን ለፕሬዚዳንቱ?» አልኳቸው።

«የሁሉም የበላይ እሳቸው አይደሉም እንዴ? እኔም ተሰልፌ መርጫለሁ እኮ!»

ሆዴ ተንቦጫቦጨ። እኚህ እናት ብቻቸውን አይደሉም። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ጓደኞቼም ይህንኑ ሲሉ ሰምቻለሁ። ደግሞ ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል። የማይመለከተው በር ላይ የቆመ ሰው ጊዜውም ጉልበቱም ያልቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልያቸው።

«ፕሬዚዳንቱን የምንመርጠው እኛ ነን»

አይደለም። አሁን ባለው ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንት ዕጩ ስም በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከዚያ ተወካዮች ምክር ቤትና ፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ይሰበሰባሉ። ዕጩው የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካገኘ ፕሬዚዳንት ይሆናል። የምክር ቤት አባል ከነበረ ወንበሩን ይለቃል። የሥልጣን ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይም አይመረጥም።

ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ አምስት ሰዎች በዚህ መንገድ አልፈዋል፦ ነጋሶ ጊዳዳ፣ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ሙላቱ ተሾመ፣ ሣህለወርቅ ዘውዴ፣ ከመስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ታዬ አጽቀ ሥላሴ። ሁለቱን ዙር ጨርሰው 12 ዓመት የቆዩት ግርማ ብቻ ናቸው።

«ፕሬዚዳንት ከሆነ አገሪቱን የሚመራው እሱ ነው»

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰዉ ይህን ከባዶ አላመጣውም። በ1979 ዓ.ም የጸደቀው የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን እውነተኛ ባለሥልጣን አድርጎት ነበር፤ ወንበሩም የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ በሽግግሩ ዘመን መለስ ዜናዊ «ፕሬዚዳንት» ይባሉ ነበር፤ ሥራውም በእጃቸው ነበር። በ1987 ዓ.ም እኚያው ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሥልጣኑም አብሯቸው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ተሻገረ። «ፕሬዚዳንት» የሚለው ስም ግን በሰው ጆሮ የድሮ ክብደቱን እንደያዘ ቀረ። እማማ የኖሩት ይህን ሁሉ እያዩ ነው። ቢምታታባቸው ምን ይደንቃል?

ዛሬ ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው። ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፕሬዚዳንቱ አምባሳደሮችን የሚሾመው፣ ከፍተኛ ወታደራዊ ማዕረግም የሚሰጠው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርብለት ነው። የውጭ አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል፣ ኒሻን ይሸልማል።

በየዓመቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሁለቱን ምክር ቤቶች የሚከፍተውም እሱ ነው። የአራት ኪሎ ሰው ይህችን ሰኞ በመንገድ መዘጋቷ ያውቃታል። ታክሲው ይዞራል፣ ተማሪው በእግሩ ይሄዳል። በቴሌቪዥን የምንሰማው ንግግር ግን የመንግሥት የዓመት ዕቅድ ነው። ቆየት ብሎ ምክር ቤቱ በንግግሩ ላይ የድጋፍ ሞሽን (የውሳኔ ሐሳብ) ሲያቀርብ፣ ቆሞ ጥያቄ የሚመልሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ተጠያቂው ማን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቀን የለም።

«ካልፈረመ ሕጉ ይወድቃል» የሚሉም አሉ። አይወድቅም። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል። በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል።

ይህን ስል ወንበሩ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። የጣምራ (የብዙ ፓርቲዎች) መንግሥት ፈርሶ አብላጫ ድምፅ ሲጠፋ፣ ሌሎች ፓርቲዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ መንግሥት እንዲመሠርቱ የሚጋብዘው ፕሬዚዳንቱ ነው። ሞት የተፈረደበት ሰው ደግሞ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይገደልም። በ2003 ዓ.ም ሞት የተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት የተለወጠው በፕሬዚዳንት ግርማ ውሳኔ ነው። የሰው ነፍስ በአንድ ፊርማ ሥር ሲያድር ሥልጣኑን ትንሽ ማለት ያስቸግራል።

ይቅርታና ምሕረትም ይምታታሉ። ይቅርታ ፕሬዚዳንቱ የሚሰጠው ነው፤ እሱም በሕግ በተቀመጠ ሥርዓት፣ ጉዳዩ በይቅርታ ቦርድ ታይቶ ነው። ምሕረት ግን በአዋጅ ይመጣል፤ በ2010 ዓ.ም እንዳየነው የሚያወጣው ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

«እሺ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ግን እንመርጣለን»

እሱንም በቀጥታ አይደለም። እያንዳንዳችን የምንመርጠው የምርጫ ክልላችንን ተወካይ ነው። ብዙ ድምፅ ያገኘው ያልፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ምክር ቤቱ 547 ወንበር አለው፤ 23ቱ የአዲስ አበባ ናቸው። አብላጫውን ወንበር የያዘው ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጣምራ፣ መንግሥት ይመሠርታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል። መለስ ዜናዊ የተወዳደሩት ዓድዋ ላይ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ስማቸውን ወረቀት ላይ አይቶ ምልክት ያደረገ ሰው የለም።

ማስረጃ ለሚፈልግ፦ በ2005 ዓ.ም መጀመሪያ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ፣ በ2010 ዓ.ም መጋቢት ደግሞ ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ አንዳችንም ድምፅ ለመስጠት አልተሰለፍንም። ምክር ቤቱ መረጠ፣ በቃ። በነገራችን ላይ የስድስት ዓመቱና የሁለት ዙሩ ገደብ የፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕገ መንግሥቱ የዙር ገደብ አላስቀመጠም።

«ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው»

በብዙ አገር እንዲያ ነው፣ እኛ ጋ ግን አይደለም። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ያሉበት ነው፤ እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ወኪል አለው። ጉዳዩን አስቀድሞ መርምሮ ሐሳብ የሚያቀርበው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የአጣሪ ጉባኤው ሰብሳቢ ናቸው፤ ግራ መጋባቱም ከዚህ የመጣ ይሆናል። በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም አስታውሱ። ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም የወሰነው ይኸው ምክር ቤት ነው።

«ከንቲባውንስ?»

ከንቲባም በቀጥታ አይመረጥም። እኛ የከተማውን ምክር ቤት እንመርጣለን፣ ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ከንቲባ ይመርጣል። ከ2010 እስከ 2014 ዓ.ም መጀመሪያ አዲስ አበባን ይመሩ የነበሩት «ምክትል ከንቲባ» ይባሉ የነበረው ለዚህ ነው፤ የምክር ቤቱ አባል አልነበሩም።

አንድ ልጨምር። በ2011 ዓ.ም ሣህለወርቅ ዘውዴ ሲመረጡ «በታሪካችን የመጀመሪያዋ ሴት ርዕሰ ብሔር» ተብሎ ብዙ ተጽፏል። የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ናቸው፣ ይህ እውነት ነው። ግን ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም በዙፋን ላይ ነበሩ። መቃብራቸውም እዚሁ አራት ኪሎ አጠገብ በዓታ ለማርያም ነው። ደጃችን ላይ ያሉትን ሴት መርሳት አይገባም።

ወደ እማማ ልመለስ። ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። «እማማ፣ ፕሬዚዳንቱ ካርታ አይሰጡም። በደል ካለ የሚያየው እንባ ጠባቂ የሚባል ተቋም አለ፤ ተጠሪነቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። አንዱን ቅጂ ደግሞ ለመረጡት የከተማው ምክር ቤት ተወካይ ይስጡ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ከላይ ያለውን ስም ብቻ ቀይሪልኝ፣ ሌላውን አትንኪው» አሏት። ልጅቷ «ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም» ብላ ጽፋ እንደገና አተመች። ሁለት ቅጂ። ለሁለተኛው ገጽ ሂሳብ አልጠየቀቻቸውም። እማማ ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልለው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱና፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ጠየቁኝ፦

«የእኔ ሰፈር ተወካይ ታዲያ ማነው ልጄ?»

ስልኬን አወጣሁ፤ አብረን መፈለግ ጀመርን።