ስለ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ጅማ ላይ የምንሳሳተው

ጅማ ቡና ላይ የሙላቱ አስታጥቄ ስም ከተነሳ ከአቦል እስከ በረካ ክርክር ነው። ሰሞኑን ያከራከረን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው፣ ጃዝና ፈንክ (በቤዝና በከበሮ ምት የሚነዳው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) የተዋሃዱበት አልበም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) የሚባለውን አንድ በአንድ ልይ።

«የጅማ ሥራ ነው።» ጋሽ ሙላቱ በ1943 ጅማ መወለዳቸው አያከራክርም። ግን በወጣትነታቸው ምህንድስና እንዲማሩ ዌልስ ተላኩ፤ እዚያ ሙዚቃው ወሰዳቸው። ከዚያ ለንደን፣ ቦስተን፣ ኒውዮርክ። አልበሙም የተቀዳው ኒውዮርክ ነው። የጅማ ልጅ ነኝና ይህን ስጽፍ ትንሽ ቅር ይለኛል።

«የመጀመሪያቸው ነው።» አይደለም። በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል»ን በሁለት ቅጽ አውጥተዋል።

«ዝነኛ ያደረጋቸው ፊልሙ ነው።» የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» በ2005 ለብዙ ፈረንጅ አስተዋውቋቸዋል፣ እውነት ነው። ፊልሙ ውስጥ የምንሰማቸው ሥራዎች ግን ያኔ 30 ዓመት አልፏቸው ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ፈንክ ነው እንጂ ምኑ የኛ ነው?» ይላሉ። ቤዙና ከበሮው የዘመኑ ኒውዮርክ ነው፣ አልክድም። ዜማው ግን በአምስት ድምፅ ቅኝታችን ይሄዳል። ችግሩ የፈረንጁ ስምም (ድምፆችን አንድ ላይ የማሰማት ስልት) 12 ድምፅ ይዞ ሲመጣ ነው። ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) እላዩ ላይ ከተከመረ የቅኝቱ ለዛ ይጠፋል። ስለዚህ ቤዙ አጭር ሐረግ ይዞ እየደጋገመ ይሄዳል፤ ሳክስፎኑ፣ ዋሽንቱና ቫይብራፎኑ ከላይ እንደልባቸው ይጫወታሉ። ፈንክ የተመረጠው ለፋሽን ብቻ አይመስለኝም። በአንድ ሐረግ ላይ ቆሞ መደጋገም ለቅኝት ቦታ ይለቃል። በ1966ቱ ሥራ ላቲኑ ጎላ ይል ነበር። በ1974 አዲስ አበባ በአምሃ ሪከርድስ የወጣው «የካቲት» ደግሞ ኢትዮ ጃዝ (የኛን ቅኝት ከጃዝ ያዋሃደው ስልት) የሚለውን ስም ሽፋኑ ላይ ይዞ መጣ። የ1972ቱ ሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ለእኔ ቅኝቱ ከፈረንጁ ምት ጋር በደንብ የተስማማው እዚህ ላይ ነው።

ያልመሰለው «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ይስማ። የሰርግ ዘፈናችን ነው፤ እዚህ ያለ ግጥም፣ በመሣሪያ ብቻ ተሠርቷል። እኛ ስንከራከር በስልኬ ከፈትኩት። ቡና የምታፈላልን ልጅ አልበሙን ሰምታው አታውቅም። ዜማው ሲደርስ ግን ረከቦቱን እያስተካከለች ግጥሙን ራሷ ጨመረችበት።