«አየር እኮ ነው!» እና ሌሎች የሮቦት ታንክ ወሬዎች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ተማሪዬ ሁለት ሃይላንድ ጠርሙስ በናስትሮ ጠቅልሎ «ጋሼ፣ ታንኩ ደርሷል!» እያለ መጣ። ታንክ ያለው ሮቦታችንን የሚያንቀሳቅሰው የታመቀ አየር የሚጠራቀምበትን ዕቃ ነው። አዘዞ ጎሚስታ ቤት 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አስሞልቶ፣ ታፋው ላይ አድርጎ በባጃጅ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ቀስ ብለን አስተነፈስነው፤ ከዚያ ክርክር ተጀመረ።

«አየር እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?»
ብዙ ያደርጋል። ውሃ እምብዛም አይታመቅም፤ ውሃ የሞላ ዕቃ ቢሰነጠቅ ይፈስሳል እንጂ አይበተንም። አየር ግን እንደተጫነ ስፕሪንግ ነው። ሂሳቡን ለተማሪዎቹ ሰሌዳ ላይ ሠራንላቸው፦ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ የታንክ ክዳን በ120 ፒኤስአይ ከ160 ኪሎ በላይ ኃይል ይገፋዋል። ኩንታል ተኩል ጤፍ ተጭኖበታል በሉት።

«ከውሃ ቱቦ የሠራነው ታንክ ጠንካራ ነው፣ እስካሁንም አልፈነዳም»
ፒቪሲ (የፕላስቲክ) ቱቦ ለውሃ እንጂ ለታመቀ አየር አልተሠራም። ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ ነው የሚበረው። እስካሁን አለመፈንዳቱም ምንም አያረጋግጥም፤ ማየት ያለብን ታንኩ ላይ የተጻፈውን የግፊት ልክ ነው። ካልተጻፈበት ለእኔ ታንክ አይደለም።

«በውድድር ታንክ ክልክል ነው»
እንደ ውድድሩ ነው፤ የተማሪዎች የሮቦት ውድድሮች ብዙ ናቸው። ከነሱ አንዱ በሆነው በፈርስት ቴክ ቻሌንጅ የታመቀ አየር ጭራሽ አይፈቀድም። ቬክስ ለተማሪዎች እስከ 100 ፒኤስአይ ይፈቅዳል። ትልቁ ፈርስት ሮቦቲክስ ኮምፒቲሽን ደግሞ ታንክ ውስጥ እስከ 120፣ ሥራ ላይ እስከ 60 ይፈቅዳል፤ በ125 የሚተነፍስ ሴፍቲ ቫልቭም ግድ ነው። አየሩ የሚመጣውም ከሮቦቱ ከራሱ አንድ ኮምፕሬሰር ብቻ ነው። ስለዚህ የጎሚስታው አየር እዚያ አይገባም፣ ይቅርታ።

«ቀለም ብንቀባውስ?»
ይህን የጠየቀችው ልጅ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አስባ ነበር። ያሳዝናል፣ ግን የዚሁ የትልቁ ውድድር ደንብ የአየር ዕቃዎችን መቀባትም መሞረድም ይከለክላል። መብሳትማ አይነሳ! ቀለሙ ሮቦቱ አካል ላይ ይሁን።

«ጎንደር ከፍታ ስለሆነ ጌጁ ይሳሳታል»
ይሄ እንኳን ብልህ ጥያቄ ነው። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ታንኩን ለመሙላት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጅበታል። ጌጁ ግን የሚለካው ታንኩ ውስጥና ውጭ ያለውን ልዩነት ነው፣ ግድግዳውን የሚገፋውም ያው ልዩነት ነው። 120 ካለ 120 ነው። «እዚህ ትንሽ እንጨምርበት» የሚባል ነገር የለም።

ሃይላንዶቹ አሁን የአትክልት ማጠጫ ሆነዋል።