ቀይ ሊንክ ምንድን ነው? ሴቶቹስ ለምን እዛ ቀሩ?

ባለፈው አራት ኪሎ አብርሆት ላይብረሪ ቁጭ ብዬ የራሴን ስራ እየሰራሁ አጠገቤ የነበረች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፗን ወደኔ አዙራ "ይቅርታ እህቴ፣ ልረብሽሽ፣ ይሄ ቀይ ቀዩ ቫይረስ ነው እንዴ?" አለችኝ። ሳየው ዊኪፔዲያ ነው የከፈተችው፣ ጽሁፉ መሀል አንዳንዱ ስም ሰማያዊ ነው አንዳንዱ ደሞ ቀይ፣ ቀዩን ስትነካው ባዶ ገጽ ይመጣባታል። ሳቄ መጣ ግን አልፈርድባትም፣ እኛ አገር ካርድ ላይ በቀይ የተጻፈ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፣ ከ50 በታች ነው!

ቫይረስ አይደለም። ቀይ ሊንክ ማለት ገጹ ገና ያልተጻፈለት ስም ነው። አንድ ሰው ጽሁፍ ሲጽፍ "ይሄ ስም የራሱ ገጽ ሊኖረው ይገባል" ብሎ ካሰበ ስሙን በድርብ የአራት ማዕዘን ቅንፍ [[ ]] ያስገባዋል፣ ከዛ ሶፍትዌሩ ራሱ ያጣራል፣ ገጹ ካለ ሰማያዊ ያደርገዋል ከሌለ ቀይ። ባዶው ገጽም ዝም ብሎ ባዶ አይደለም፣ መጻፊያው ነው፣ እዛው ጀምረሽ መጻፍ ትችያለሽ። ብዙ ጀማሪ ደሞ ስህተት መስሎት ቀዩን እያሳደደ ያጠፋል፣ ደንቡ ግን ሰውየው ወይም ነገሩ ገጽ የሚገባው ከሆነ ቀዩን ተዉት ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ነገ የሚመጣ ሰው አይቶት ሊጽፈው ይችላል።

ሴቶቹ እዚህ ጋ ነው የሚመጡት። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2015 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው) ሮጀር ባምኪንና ሮዚ ስቲቨንሰን ጉድናይት የሚባሉ ሁለት የዊኪፔዲያ ጸሐፊዎች "ውመን ኢን ሬድ" የሚል ፕሮጀክት ጀመሩ፣ በኛ "ሴቶች በቀይ" እንደማለት ነው። ሀሳቡ በጣም ቀላል ነው፣ ስማቸው በቀይ የቀረ ሴቶችን እየፈለጉ ሰማያዊ ማድረግ፣ በቃ። ያኔ እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ከየ100ው የህይወት ታሪክ ውስጥ የሴት የነበረው 15 ገደማ ነው፣ ዛሬ 20 አካባቢ ደርሷል። አስር ዓመት ሙሉ ተለፍቶ አምስት ፈቀቅ አለ ማለት ነው፣ አንዳንዱ ይሄን ሲሰማ "ታዲያ ምን ሰሩ?" ይላል፣ እኔ ግን ሌላው ሰው ቁጭ ብሎ አልጠበቃቸውም፣ እነሱ አንድ ሴት ሲጽፉ ጎን ለጎን የወንዱም ይጻፋል ስለዚ ፐርሰንቱ ቶሎ አይንቀሳቀስም ነው የምለው።

ማን እንደጎደለ እንዴት ያውቃሉ ካላችሁ ዊኪዳታ የሚባል የዊኪፔዲያ እህት አለች፣ ስለ እያንዳንዱ ሰው ጾታ፣ ሙያ፣ አገር፣ የትውልድ ዘመን ምናምን በዳታ መልክ የምትይዝ። እዛ ተመዝግበው ገጽ የሌላቸውን ሴቶች ኮምፒውተሩ ራሱ እየለቀመ በሙያና በአገር ከፋፍሎ ዝርዝር ያወጣል።

ምሳሌ ስጪኝ አለችኝ፣ ዶና ስትሪክላንድን ነገርኳት። ካናዳዊት ፊዚሲስት ናት፣ በጣም አጭርና በጣም ኃይለኛ የሌዘር ጨረር የሚፈጠርበትን ዘዴ ከአስተማሪዋ ከዤራር ሙሩ ጋር በ1985 አወጣች፣ ዛሬ የዓይን ቀዶ ጥገና ላይ ሁሉ የሚሰራበት ነው። በጥቅምት 2018 የፊዚክስ ኖቤል ሲሰጣት ከማሪ ኩሪና ከማሪያ ጎፐርት ማየር ቀጥላ ሦስተኛዋ ሴት ሆነች፣ ሰዉ ማን ናት ብሎ ዊኪፔዲያ ሲገባ ግን ገጿ የለም! አብሯት የተሸለመው ሙሩ ግን ቀድሞም ገጽ ነበረው። ይባስ ብሎ በዛው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ሰው ስለሷ ረቂቅ አቅርቦ ነበር፣ ገምጋሚው ማስረጃዎቹ ገጽ እንደሚገባት አያሳዩም ብሎ መለሰው። ሽልማቱ እንደተነገረ ግን በዛው ቀን ተጻፈላት። ኖቤል እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባት እንግዲ።

ይቺን ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ ገምጋሚው ላይ ነበር የተናደድኩት። ቆይቼ ሳየው ግን ሰውየው ህጉን ነው የተከተለው፣ ችግሩ ያለው ከሱ በፊት ነው። ዊኪፔዲያ ላይ አንድ ሰው ገጽ እንዲኖረው ከሱ ጋር የማይነካኩ፣ ዘመዱም ቀጣሪውም ያልሆኑ፣ የሚታመኑ ምንጮች ስለሱ በደንብ መጻፍ አለባቸው። በስሱ ስም ጠቅሶ ማለፍ አይቆጠርም፣ የራስ ፌስቡክ አይቆጠርም፣ የመስሪያ ቤት ዌብሳይትም ብዙ አያስኬድም። የዚህ ህግ ስም "ታዋቂነት" ተብሎ ሲተረጎም ሰው ቲክቶክ ላይ የታወቀ ይመስለዋል፣ እሱ አይደለም፣ ተጽፎልሻል ወይ ነው ጥያቄው። ሴቶች ደሞ ብዙ ሰርተው ትንሽ ነው የተጻፈላቸው፣ ስለዚ ቀዩ ከኢንተርኔት አልጀመረም፣ ጋዜጣው ላይ ነው የጀመረው። ጸሐፊዎቹም ቢሆኑ በብዛት ወንዶች ናቸው፣ በ2011 ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው ድርጅት ዊኪሚዲያ ባደረገው ጥናት የሴት አርታኢዎች ቁጥር 10 ፐርሰንት እንኳን አልሞላም ነበር።

ልጅቷ ይሄን ሰምታ ፊቷ ጠቆረ፣ ለካ መጻፍ የፈለገችው ስለ አክስቷ ነው። አክስቷ ስንት ዓመት ነርስ ሆና አገልግላለች፣ ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" እያለ ነው የሚጠራት፣ ያላዋለደችው ልጅ የለም። ግን አንድም ጋዜጣ ላይ አልወጣችም፣ ልጅቷ ደሞ ዘመድ ናት፣ የራስን ሰው መጻፍ በጣም አይመከርም። አይሆንም አልኳት። ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ግን ዊኪፔዲያ የትዝታ ደብተር ቢሆን ኖሮ ሁሉም የራሱን ቤተሰብ ጽፎ ማንም የማያምነው ነገር ይሆን ነበር፣ ሰውየው የድርጅቱን ማስታወቂያ ሁሉ እዛ ይለጥፈዋል! አክስትሽን ቅጂያት፣ ድምጿን ያዢ፣ ጋዜጠኛ ወይ ታሪክ አጥኚ ካገኘሽ አገናኚያት፣ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ትጻፍ አልኳት።

ገጽ የሚገባቸውና ምንጭ ያላቸው ደሞ ሞልተዋል። የከንቲባ ገብሩ ደስታን ልጆች ብቻ እዩ። ስንዱ ገብሩ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ተምራ የተመለሰች፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አዚናራ ደሴት የታሰረች፣ እቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመራች፣ በ1957 ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፣ ጸሐፊም ናት። እህቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው ኢየሩሳሌም ገዳም ኖረው በ2023 ያረፉት ፒያኒስት ናቸው። የእማሆይን ፒያኖ ዛሬ ዓለም ይሰማዋል፣ ስንዱን ግን እዚሁ አራት ኪሎ ፓርላማው ፊት ለፊት ቆማችሁ አስር ሰው ብትጠይቁ እስቲ ስንቱ ያውቃታል? (እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ አላውቃትም ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።)

አንድ የኛ ብቻ የሆነ ጣጣ ደሞ አለ፣ ፊደል። ሶፍትዌሩ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ አንድ ድምጽ መሆናቸውን አያውቅም። ጽጌ ማርያም፣ ፅጌ ማርያም፣ ጽጌማርያም ተያይዞ፣ ለሱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሣህለወርቅ ዘውዴንም በንጉሡ ሠ ጽፋችሁ ገጹ በእሳቱ ሰ ከተከፈተ ቀይ ነው የሚወጣላችሁ፣ ከዛ የለችም ብላችሁ እንደ አዲስ ልትጽፉ ትችላላችሁ። ስለዚ ቀይ ባያችሁ ቁጥር በሌላ ፊደል ፈልጉ፣ ካገኛችሁት ሪዳይሬክት ስሩለት፣ ማለትም ይሄኛው አጻጻፍ ወደዛኛው ገጽ እንዲወስድ ማድረግ።

ሌላም አለ፣ አንቱታችን። "ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አገለገሉ" ብሎ የሚቀጥል ጽሁፍ ላይ ስሙ ካልነገራችሁ በቀር ሴት ይሁኑ ወንድ አይታወቅም። አክብሮቱ ጥሩ ነው፣ ግን "የመጀመሪያዋ ሴት" የሚለውን ነገር ሳያስቡት ይውጠዋል። እኔ ኢንሳይክሎፔዲያ ላይ አንቺ ብለው ቢጽፉ፣ "ተወለደች፣ ተማረች" ቢሉ ነው የምመርጠው፣ ትልልቅ ሰዎች ይቆጡኛል ግን።

ለመጀመር አካውንት ክፈቱ። በስልክ ዳታ አካውንት ሳትከፍቱ ልትጽፉ ስትሉ ታግደሃል የሚል ሊመጣ ይችላል፣ እናንተ ያጠፋችሁት የለም፣ ብዙ ሰው አንድ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ስለሚጋራ አንዱ በረበሸ ሁሉም ይቀጣል። ኮፒ ፔስት አታድርጉ፣ ይጠፋባችኋል። አማርኛው ዊኪፔዲያ ያለው ወደ 15 ሺህ ጽሁፍ ነው፣ እንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ ነው፣ ስለዚ እዚህ አንድ ደህና ገጽ መጨመር እንደዛኛው ባህር ውስጥ ጠብታ አይደለም።

ልጅቷ የዛን ቀን ከአክስቷ ፋንታ አንዲት የድሮ የትምህርት ሰው መረጠች፣ ስሟን አንድ ጽሁፍ ውስጥ ሊንክ አደረገችው፣ ቀላ፣ ላይብረሪው ውስጥ ስለሷ የተጻፈ እስክትፈልግ ተወችው። ከሳምንት በኋላ በቴሌግራም "ሰማያዊ ሆነች!!" ብላ ላከችልኝ፣ እኔም ጻፈችው ብዬ ደስ ብሎኝ ስነካው ሊንኩ የወሰደኝ የባሏ ገጽ ላይ ነው። አንድ ሌላ ሰው መጥቶ ስሟን ወደ ባሏ ሪዳይሬክት አድርጎታል፣ ገጹ ላይ ስለሷ ያለው "ባለቤታቸው ወይዘሮ" እና ስሟ ብቻ። ከቀዩ ይሄ ይብሳል፣ ቀዩ ቢያንስ ጎድላለች ይል ነበር፣ ይሄ ግን አለች እያለ ይሸውዳል፣ የጎደሉትን ለመፈለግ ቀይ ቀዩን የሚያይ ሰውም ዝም ብሎ ያልፋታል።

"ከርዕሱ ስር በትንንሹ የተጻፈችውን ስሟን ንኪያት፣ የሪዳይሬክቱ ገጽ ራሱ ይከፈትልሻል፣ ሪዳይሬክት የሚለውን መስመር አጥፊና እዛው ላይ ጻፊ፣ ምንጮችሽን ግን ቀድመሽ አዘጋጂ" ብዬ መለስኩላት።

"ሁለት አለኝ፣ ይበቃል?" አለች።

ሦስተኛ ፈልጊ አልኳት።