አብራሪው ሰማይ ላይ ቢታመምስ?
ባሕር ዳር ኤርፖርት ዘመድ ስትሸኙ ይቺ ጥያቄ ውል ትላለች አይደል? መልሱ አጭር ነው፦ ረዳቱ ያሳርፋል። ረዳት አብራሪ ሲባል እንደ ደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ረዳት የሚመስለው አለ፤ ኧረ እሱስ ሙሉ ፓይለት ነው፣ ከካፒቴኑ ጋር እየተፈራረቀ ያበርራል። ባልደረባው ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ካልመለሰ እንደታመመ ቆጥሮ መሪውን ይረከባል፣ «ሜይዴይ» ብሎ የድረሱልኝ ጥሪ ያሰማል፣ አስተናጋጆቹም የታመመውን ከመሪው ወደ ኋላ ስበው ቀበቶውን ያጠብቁለታል። ብዙ አየር መንገዶች ሁለቱን የተለያየ ምግብ የሚያበሏቸውም ለዚሁ ነው፤ ሆድ አይታመንማ! በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከሲያትል ወደ ኢስታንቡል ሲበር የቱርክ አየር መንገድ ካፒቴን በረራ ላይ ሞቶ፣ የቀሩት አብራሪዎች ኒውዮርክ አሳርፈዋል። ግራ የሚያጋባው የዕድሜው ደንብ ነው፦ በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ብቻውን የሚያበርር 60 ሲሞላው ያቆማል፣ ከሌላ አብራሪ ጋር ከሆነ ግን እስከ 65 ይፈቀድለታል።